የኔስታ አካፋ ለምን ሜይሪግ ቤት ከረመ

ኔስታ ፖስታ ጎረቤቷን ሜይሪግን ከቁርሱ ላይ ማስነሳት ልማድ ካደረገችው ሁለት ዓመት አልፏል። በሩን ሁለቴ ትቆረቁራለች፤ ግቢ እስክትባል አትጠብቅም፤ ገብታ ትቆማለች።

«አካፋዬን ስጠኝ።»

«መጀመሪያ እንደምን አደርክ ይባላል።»

«እንደምን አደርክ። አካፋዬን ስጠኝ።»

«ጥቁሯ አበበች?»

«አላበበችም።»

«እንግዲያው አካፋሽ ተኝቷል፤ አትቀስቅሺው» ይልና እንቁላሉን መላጥ ይቀጥላል።

ውሉን ያመጣችው ራሷ ነበረች። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በሚያዝያ አንድ ጠዋት፣ አካፋዋን በትከሻዋ ተሸክማ አጥሩን ዞራ መጣችና «ያዝልኝ። ጥቁሯ እስክታብብ ድረስ ብለምንህም፣ ብሰድብህም፣ ባለቅስም እንዳትሰጠኝ» አለችው። ሜይሪግ አርባ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ፣ ለሰዓትም ለቃሉም የሚጠነቀቅ ሰው ነው። አካፋውን ዕቃ ቤት ቆለፈበት፤ ቁልፉንም ከኪስ ሰዓቱ ጋር አሰረው። ከዚያ ወዲህ ለምናዋለች፤ ሰድባዋለችም። የቀራት ማልቀሱ ብቻ ነው።

ግዌርን መንደር ውስጥ ከአሥሩ ሰው ስድስቱ ጆንስ ስለሚባል፣ ሰው የሚለየው በሥራው ነው። ኔስታ ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያ ሸለቆ ሽቅብና ቁልቁል ደብዳቤ ስላደለች ኔስታ ፖስታ ሆነች። ጡረታ ስትወጣ ቦርሳዋን አስረከበች እንጂ እግሯን የተረከባት የለም። ሻይ የምትጠጣው ቆማ ነው። ጸሎት ቤት ውስጥ እንኳ ስብከቱ ሲረዝም ተነስታ መስኮት ትከፍታለች፤ ቆይታ ደግሞ ትዘጋዋለች። ባሏ ኤምሪስ በሕይወት ሳለ ከድንጋይ ካባው ሲመለስ ጓደኞቹን «እስቲ ልሂድና አልጋዬ ዛሬ የት ክፍል እንደዋለ ልፈልግ» ይላቸው ነበር። ነፍሱን ይማረውና አንድ ቀን እውነትም ወጥ ቤት ነው ያገኘው ይባላል።

እሱ ከሞተ በኋላ የአልጋው ነገር ቀረና ተራው የአትክልቱ ሆነ።

የአትክልት ቦታዋ ቁልቁል ወደ ጅረቱ የሚወርድ፣ ጠዋት ፀሐይ ሲያገኝ ከረፋድ ወዲያ ተራራው የሚጋርደው መሬት ነው። ዝናቡ ሳይጠግብ አይሄድም፤ አፈሩ ጥቁር ነው፤ ሲጨብጡት ጣት ላይ ይቀራል። ሌላው ሰው እንዲህ ያለ ቦታ ቢደርሰው ቢጫውንና ቀዩን ሰብስቦ ሊያደምቀው ይሞክር ነበር። ኔስታ የምትወደው ጥቁር ቅጠል ያለውን ነው። ከላዩ ጠቁሮ ከሥሩ ወይን ጠጅ የሆነ፣ እንደ ሰሃን የሰፋ ቅጠል ያለው፣ ቀንድ አውጣ ወንፊት እስኪያደርገው የሚበላው፣ አበባው ብርቱካንማ የሆነ አለ። ቅጠሉ እንደ ቀይ ሥር የጠየመ፣ ክር በሚያክል አገዳ ላይ ጥቃቅን ደወል የሚያንጠለጥል ደግሞ አለ። ሁሉም በየዓመቱ ብቅ ይላሉ፤ ግን ባለፈው ዓመት ከነበሩበት አይደለም፤ ኔስታ አዛውራቸዋለች።

«በዚህ ጨለማ ሸለቆ ላይ ጥቁር ቅጠል ምን ይባላል?» ብሎ አንድ መንገደኛ ቢጠይቃት «ጠመኔ የሚነበበው በምን ላይ ነው?» አለችው።

ጠመኔዋ፣ የጥቁሯ ነጭ አበባ፣ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልጻፈችላትም። ነገሩም እንዲህ ነው።

ታላቅ ወንድሟ ኢቮር ወጣትነቱን በሙሉ ከመንደሩ በላይ ባለው ትልቁ ቤት አትክልተኛ ነበር። በገዛ ጓሮውም ቁመቷ ደረት የሚደርስ፣ ቅጠሏ የተሰነጣጠቀና ከጥላሸት ብዙ የማይሻል፣ ሌላው አበባ ሁሉ ረግፎ ሲያበቃ በመስከረም ማለቂያ ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ የመሰለ ነጭ አበባ የምታወጣ ተክል ነበረችው። ቅጠሏን ቢያሹት ስለሚከረፋ ችግኝ ሻጮች ትኋን አባራሪ ይሏታል፤ አበባዋ ግን ማር ማር ይሸታል። መንደሩ የኢቮር ጥቁሯ ነው የሚላት። ሚስቱ ስትሞት ኢቮር ቤቱን ሸጠና ከተማ ወዳለው የአረጋውያን መኖሪያ ገባ። ከመግባቱ በፊት ከጥቁሯ አንድ ጉማጅ ነቅሎ፣ በአሮጌ ባልዲ ለኔስታ አመጣላት።

የግዌርን ሰው ተክል ሲሰጠው አያመሰግንም። ከተመሰገነ አይጸድቅም። ወይ ስለ ዝናቡ ያወራል፣ ወይ «ይሄን ደግሞ የት ላደርገው ነው!» ብሎ ያጉረመርማል፤ ሰጪውም በዚህ ደስ ብሎት ይሄዳል። ኔስታም ይህን ከእናቷ ጡት ጋር ጠብታዋለች። ያን ቀን ግን ወንድሟ ባልዲውን ይዞ፣ ቤት አልባ ሆኖ፣ ባርኔጣው ዘሞ በሯ ላይ ሲቆም ከአፏ አመለጣት፦

«አመሰግናለሁ፣ ኢቮርዬ።»

ኢቮር ፊቱ ቀላ፤ አፈጠጠባት፤ ባልዲውን መሬት ጣለና ሄደ። ይባስ ብሎ ሱቅ ያላቸው ቤቲ በዚያው ቅጽበት በአጥሩ በር ያልፉ ነበር። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ መንደሩ ሁሉ ሰማ። በወሩ ደግሞ የኢቮርን ቤት የገዙት ሰዎች ጓሮውን ጠርገው ለመኪና ማቆሚያ ድንጋይ አነጠፉበት። ከጥቁሯ የቀረችው ያቺው የባልዲዋ ቁራጭ ብቻ ሆነች።

መጀመሪያ ግንቡ ሥር ተከለቻት። ደረቅ ነበርና የቅጠሏ ጠርዝ እንደ ወረቀት ነደደ። ነቅላ ጅረቱ ዳር ወሰደቻት። እዚያ ፀሐይ ጭራሽ የለም፤ ጥቁሯ አረንጓዴ ሆና መንደሩን አሳቀች። ከዚያ በሩ አጠገብ፣ ከዚያ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ፣ ከዚያ እንደገና ጅረቱ ዳር፣ ትንሽ ከፍ ብሎ። በዘጠኝ ዓመት ሰባት ቦታ። ባዛወረቻት ቁጥር አንድ ዓመት ታኮርፋለች፤ ልትታረቅ ስትል ኔስታ አካፋ ይዛ ትመጣለች።

«ይቺ ተክል ከአውቶቡሴ የበለጠ መንገድ አይታለች» አለ ሜይሪግ።

«እሱ አይደለም፤ ምስጋናው ነው የያዛት» ይላሉ ቤቲ። ሰማንያ ሞልቷቸዋል፤ ሲፈርዱ ይግባኝ የለም።

ኔስታ ሁለቱንም አመነች። ለዚህ ነው በመጨረሻ፣ ጠዋት እስከ ረፋድ ፀሐይ የምትነካው፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ አለፍ ያለ እርጥብ ቦታ ተክላት አካፋዋን ለሜይሪግ ያስረከበችው። የምስጋናው ነገር ግን አካፋ ስለተቆለፈ አልተቆለፈም፤ በሆዷ እንዳለ ቀረ።

ዘንድሮ በነሐሴ ጥቁሯ ሦስት አገዳ አወጣች። ጫፋቸው ላይ ዶቃ የሚያካክሉ እንቡጦች ተደረደሩ። ኔስታ ባየቻቸው በሦስተኛው ቀን የኢቮር ልጅ ላውሪ ከካርዲፍ ደወለች።

«አክስቴ፣ አባባን እኔ ዘንድ ላመጣው ነው። ዓይኑ ደክሟል፤ ብቻውን እዚያ መቀመጡ አላማረኝም። የመስከረም የመጨረሻው ቅዳሜ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

«ካርዲፍ?»

«አራት ሰዓት መንገድ ነው እኮ፣ አክስቴ። እየመጣችሁ ትጠያየቃላችሁ።»

«ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ልጄ። እየመጣ የሚጠይቀው ማነው?»

ላውሪ ሲሄዱ መንገዳቸው በግዌርን እንደሆነ፣ ለሻይ ጎራ እንደሚሉ ነገረቻት።

ኔስታ ስልኩን ዘግታ እዚያው ቆማ ቀረች። ኢቮር ዓይኑ ቢደክምም ነጭ ነገር ይለያል። ጥቁሯ ከዚያ ቅዳሜ በፊት ካበበች ያያታል። ካላበበች፣ ወይ ውርጩ ቀድሞ እንቡጡን ካጠቆረው፣ አበባዋን ሳያይ፣ በዚያች አንድ ቃል እንደተቀየማት ይሄዳል። አምስት ሳምንት ቀርቷታል።

ከዚያ በኋላማ ማን ያስቀምጣት። ጠዋት እንቡጡን ትቆጥራለች፤ ማታ ትደግማለች። የበሰበሰ ቅጠል ታለብሳታለች፤ መልሳ በጣም አበዛሁት ብላ ታነሳላታለች። ዝናብ እየዘነበ ውሃ ስታጠጣ ያያት ሜይሪግ «ዣንጥላም ያዥላት» አላት። በሦስተኛው ሳምንት እንቡጡ እንደዚያው አረንጓዴ ዶቃ ነበር። ያኔ ሱቅ ሄደች።

«ምስጋናን መመለስ ይቻላል ወይ፣ እትዬ ቤቲ?»

ቤቲ መነጽራቸውን አወለቁ። «እናቴ ትል ነበር። ተክሉን ወስደሽ ለሰጪው ታስረክቢያለሽ። እሱ እንደ አዲስ ይሰጥሻል። አንቺ አፍሽን ትዘጊያለሽ። በቃ።»

«ከነሥሯ ነቅዬ?»

«ታዲያ ፎቶግራፏን ልትወስጂ ነው?»

ሜይሪግ ይህን ሲሰማ ሹካውን አስቀመጠ። «እንቡጥ ይዛ? አሁን? አብደሻል እንዴ!»

«አካፋዬን ስጠኝ፣ ሜይሪግ።»

«ብታለቅሺም አልሰጥም ብያለሁ።»

«አላለቅስም» አለች፤ ዓይኗ ግን ዕንባ ሞልቶ ነበር። በሩን እንደከፈተች ወጣች።

ቤቷ ገብታ ከምድጃው ጎን የከሰል መዛቂያዋን አነሳች። አጭር፣ ጠርዟ የተበላ ነገር ናት። ከጥቁሯ ፊት ተንበርክካ በግራ በኩል አፈሩ ውስጥ ሰደደቻትና በክብደቷ ተጫነቻት። ከውስጥ አንድ ነገር «ቀጭ» አለ። ድምፁ እንደ ካሮት መሰበር ነው፤ ግን በጉልበቷ በኩል ተሰማት። ከሦስቱ አገዳ አንዱ ነፋስ በሌለበት ዘመም አለ።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ፤ ኔስታ ግን የምትለቅመውም አልነበራት። አፈሩን በሁለት እጇ መለሰች፣ በጉልበቷ ጠቀጠቀች፣ ሦስት ባልዲ ውሃ አፈሰሰች። ከዚያ ጭቃዋን ሳታራግፍ የስምንት ሰዓቱን አውቶቡስ ይዛ ወደ ኢቮር ሄደች።

ኢቮር መስኮት ዳር ሬዲዮ እየሰማ ነበር።

«ኔስታ ናት» አለ ዞር ሳይል። «እንዲህ የሚራመድ ሌላ ሰው የለም። ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም። ጥቁሯን ልገድላት ነበር፤ ምናልባትም ገድያታለሁ። ምስጋናዬን ልመልስልህ ብዬ ነው። ያን ቀን አመሰግናለሁ ብዬህ ተቀየምክ፤ አፍጥጠህብኝ ሄድክ፤ ይኸው ዘጠኝ ዓመት እሷም አላበበች፣ አንተም ስለሷ አንዲት ቃል አልጠየቅከኝ...»

«ቆይ። ቆይ እስቲ።» ሬዲዮውን ዘጋ። «ተቀይሜ መሰለሽ?»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው?»

ኢቮር በሩ መዘጋቱን ጠየቃት፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። «አፍሬ ነው። ያቺ ተክል የኔ አይደለችም። ከትልቁ ቤት የሰረቅኳት ናት።»

«ምን?»

«ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዋና አትክልተኛው ፕሮሰር ለሰው አንዲት ዘር የማይሰጥ ንፉግ ነበር። አንድ ቀን ጥቁሯን ሲከፋፍል ጀርባውን ሲሰጠኝ አንዷን ቁራጭ ምሳ ዕቃዬ ውስጥ ከተትኳት። ከዳቦው ጋር ይዣት ወጣሁ።»

ኔስታ ግድግዳውን ተደገፈች። «ሠላሳ ዓመት የጸሎት ቤት ሽማግሌ ነበርክ!»

«ለዚህ ነዋ ያልተናገርኩት! አንቺ ዕንባ አቅርረሽ ስለ ሌብነቴ ስታመሰግኚኝ፣ ቤቲ ደግሞ አጥሩ ላይ ቆማ፤ ምን ልበል? ባልዲውን ጥዬ ሸሸሁ። ጥቁሯ እንዴት ናት ብዬ ብጠይቅሽ ደግሞ ከየት አመጣሃት ትይኝ ነበር።» መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ ደግሞ ሳቅ። «ምስጋና የሚገድለው የተሰጠ ተክል ነው፣ ኔስታ። የተሰረቀማ ብትረግሚውም ብትመርቂውም ይጸድቃል። እናታችን የምትለው ጠፋሽ?»

«ታዲያ ለምን አታብብም?»

«ስንት ቦታ ተከልሻት?»

ኔስታ በጣቶቿ ቆጥራ «ሰባት» አለች።

«እሷ ሥሯ ቀርፋፋ ናት። ቦታዋን ለማመን ሦስት ዓመት ትፈልጋለች። አንቺ ደግሞ በዓመቱ ሌላ ቤት ትከራዪላታለሽ። ምስጋናውን ተይው። እጅሽን ነው የምትፈራው።»

በመመለሻው አውቶቡስ መላውን መንገድ ቆማ ሄደች፤ ወንበሩ ባዶ ነበር።

የተነካው አገዳ በሁለተኛው ቀን ደረቀ። ሁለቱ ቀሩ። ኔስታ የከሰል መዛቂያዋንም ወስዳ ለሜይሪግ ሰጠችው፤ እሱም ከአካፋው ጎን ቆለፈባት። የቀሩትን ሁለት ሳምንታት የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ አራት ጊዜ አዛወረች፤ በሩን አረንጓዴ ቀባች፤ አልወደደችውም፤ ሰማያዊ ቀባች። ጥቁሯን ግን በዓይኗ ብቻ ነካቻት። እጆቿን የኤምሪስ አሮጌ ካፖርት ኪስ ውስጥ ከትታ ትቆምና፣ ሲያስጨንቃት መንደሩን አንድ ዙር ዞራ ትመለሳለች። ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ውርጭ ይወርዳል ተባለ። ቀን ሳይጨልም ሁለት እንጨት ተከለችና ያንኑ ካፖርት እንደ ድንኳን ዘረጋችባት። አንገትጌው አገዳውን እንዳይነካ ሦስት ጊዜ አስተካከለችው። አራተኛውን ልትል ስትል ሜይሪግ ከአጥሩ ማዶ «ኔስታ!» አለ። ትታ ገባች።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የላውሪ መኪና መጣች፤ ሻንጣና ሬዲዮ ተጭኖባታል። ኢቮር በምርኩዙ እየተደገፈ ወደ ጓሮ ዞረ። ኔስታ ክንዱን ይዛ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችው። ከፊቱ ሁለቱ አገዳዎች ቆመዋል። ጫፋቸው ገና ዶቃ ነው፤ ከታች በኩል ግን ስንዝር የሚያህለው ተከፍቷል፤ በጥቁሩ ቅጠል ላይ ነጭ፣ ለስላሳ። የሸለቆው አየር ማር ማር ይላል።

ኢቮር አንገቱን ዘንበል አድርጎ ረጅም ጊዜ አየ። «ሁለት ናቸው?»

«ሦስት ነበሩ።»

«ሁለት ይበቃሉ» አለ። እጁን ዘርግቶ ቅጠሏን በጣቶቹ አሸት አደረገና አሸተተ። «እሷ ናት። ፕሮሰር መቃብሩ ውስጥ ይገላበጥ።»

ሜይሪግ ውሉን አልረሳም። ሸሚዙን ቀይሮ፣ አካፋውን ጠርጎና ዘይት ቀብቶ፣ እንደ ባንዲራ አንግቦ መጣ። ቤቲም ተከትለውት የዘቢብ ዳቦ ይዘው መጡ።

«አበበች» አለ። «ንብረትሽን ተረከቢ።»

ኔስታ አካፋዋን ተቀበለች። ኢቮር የእጀታውን ድምፅ ሰማና ዞረ። «ከያዝሽው አይቀር አንዲት ቁራጭ ቁረጪልኝ። ላውሪ ከቤቷ ኋላ ጥላ ያለበት ቦታ አላት። ይዣት ልሂድ።»

ላውሪ ከመኪናው ባዶ ባልዲ ልታመጣ ተነሳች። ሁሉም ኔስታን አዩ። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ጠብቃ የምታውቅ አይደለችም፤ ንቀይ ሲሏት ነቅላ፣ ሳይሏትም ነቅላ የኖረች ናት። አካፋውን ይዛ ወደ ጥቁሯ ሁለት እርምጃ ሄደች። ቆመች። ከዚያ ተመለሰችና ግንቡ ላይ አስደገፈችው።

«አይሆንም» አለች።

«እንዴት አይሆንም?»

«አሁን አትነካም። በሚያዝያ፣ ቡቃያዋ ጣት ሲያክል ነው የምትከፈለው። ያኔ መጥተህ ትወስዳለህ።»

«ኔስታ፣ እኔ እኮ ሰማንያ ሁለት...»

«በሚያዝያ ነው ያልኩህ። ላውሪ ታመጣሃለች። ካልመጣህ ለቤቲ ነው የምሰጣት።»

«እኔ አላመሰግንም፤ አትስጊ» አሉ ቤቲ አፋቸው በዳቦ ሞልቶ።

ላውሪ ባልዲውን ቁጭ አደረገች። አባቷን አየች፤ «በሚያዝያ አመጣሃለሁ፣ አባባ» አለች ቀስ ብላ።

ኢቮር ምርኩዙን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ ፊቱን ወደ ተራራው መለሰ።

«ዝናብ ሊመጣ ነው» አለ።

ኔስታ ስኒዋን ይዛ ወንድሟ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ሜይሪግ የቤቲን ክንድ ጎሰመ፤ ቤቲ «አይቻለሁ፣ ዝም በል» አሉት።

«ከምዕራብ ነው የሚመጣው» አለች ኔስታ። «ግን ቶሎ አይደርስም።»

ሻይዋ እጇ ላይ ቀዘቀዘ።